እታለም ዘምዘምና የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ

እታለም ዘምዘም ሞተች። ኮምቦልቻ፣ እህቷ ቤት፣ ከአስር ሶላት በኋላ። የእህቷ ልጅ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ እኔ የማዳምን መጋረጃ ለእጥበት ላወርድ መሰላል ላይ ቆሜ ነበር። እንባዬ እምቢ አለ። እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንገቴ ነው፤ ከማተቤ ጋር ወደታሰረው ትንሽ ቁልፍ።

ከጅምሩ ይታወቅ፤ እኔ ይቅርታ የሚሆንላት ሴት አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ "ይቅር በለን" ሲባል አፌ አብሮ ይላል። ልቤ ግን ቂሙን እንደያዘ ካራማ ሰፈር ወዳለችው የኪራይ አልጋዬ ይመለሳል። ሰው ስለማይረሳው ሰው ሲያወራ መካሪውን ያነሳል፣ አሳዳጊውን ያነሳል። እኔ የማልረሳት ሴት ቂም እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችኝ ናት። ኋላ ሳስበው ግን የሷና የኔ ቂም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ይህንን ለመናገር ነው የተነሳሁት።

ሱቋ ሻርጃ ነበር፣ ከአል መጃዝ ፎቆች ጀርባ። የሴቶች ልብስ ስፌት። አባያ ትሰፋለች፣ የሀበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፣ የማዳሞቻችንን አሮጌ ልብስ በልካችን ታጠብብልናለች። አጭር ናት፣ ወፍራም ናት፣ ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው። አንድም ቀን ስትወጋ አላየኋትም። ደግሞ ስፒል በአፏ ይዛ ስትሳደብ ነው የሚጥመው።

ገና በር ስንከፍት "ሁለቱንም ስምሽን!" ትለን ነበር። ሰላምታዋ ይሄው ነው። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ ጤና ይስጥልኝ የለ።

ይህ እኛን ካልሆነ ማንንም አይገባውም። ወደዚህ አገር ስንመጣ ደላላው "የእስላም ስም ከሆነ ቶሎ ቤት ትገቢያለሽ" አለና ብዙዎቻችን ባደርንበት ስም አልተነሳንም። እኔ ወልድያ ውድነሽ ታረቀ ነበርኩ፤ ፓስፖርቴ ላይ ራህማ ሰኢድ ሆንኩ። የእስላሞቹም ልጆች አልቀረላቸውም፤ ሰዓዳ ዕድሜዋ ስላልደረሰ በታላቅ እህቷ ስም መዲና ተብላ ነው የመጣችው። ማዳም የምትጠራሽ በፓስፖርትሽ ነው። እናትሽ ወረቀት የምትልክልሽ ራሷ ባወጣችልሽ ስም ነው። አገር ቤት ራህማን የሚያውቅ የለም፣ እዚህ ውድነሽን የሚያውቅ የለም። በመሃል ያለችው የእታለም ዘምዘም ደብተር ብቻ ነበረች። በቀኝ ገጽ የፓስፖርት ስም፣ በግራው "የእናት ስም"።

"በዚህ ዘመን ምን ደብዳቤ አለ?" ትሉኝ ይሆናል። ወሬውማ በስልክ ነው። ማህተም ያለበት ወረቀት ግን በስልክ አይመጣም፤ የትምህርት ማስረጃው፣ የጋብቻው፣ የፍርድ ቤቱ። ስልክ የማይሰሙ አባትና እናትም አሉ፣ በእጃቸው የሚጽፉ። እዚህ አገር ደግሞ ፖስተኛ በር አያንኳኳም። ደብዳቤ የሚገባው ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ባለ ሳጥን ነው፤ ሳጥን የሌለው ሰው አድራሻ የለውም። እታለም ዘምዘም ሳጥን ነበራት። ሱቁን ከመክፈቷም በፊት፣ ሰው ቤት ስትሠራ በራሷ ስም የተከራየችው ነው። ሱቁን ስትከፍት ያንኑ ቁጥር ሰሌዳው ላይ አስጻፈችው፣ እኛም ለየቤታችን ላክነው። ሰላሳ አንድ ሴት በአንዲት ሳጥን።

ደብዳቤ ሲመጣ እንዲሁ አታቀብልም። ሳጥኑ ውስጥ ተጨማዶ፣ ጫፉ ታጥፎ የመጣውን ካውያውን አብርዳ በስሱ ታስተኩሰዋለች። "ከእናት ከአባት ቤት የመጣ ወረቀት ተጨማዶ አይሰጥም" ትላለች። ከዚያ በሁለት እጇ ትሰጥሻለች። ልብሱንም ፖስታውንም የሚተኩሰው ሠራተኛዋ ተካልኝ ነበር። የላስታ ልጅ፣ የቄስ ልጅ፣ ቀጭን፣ ትሁት፣ "እታለም" ከአፉ የማይጠፋ። አራት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ፖስታ ተኩሶ፣ "የጥሩነሽ ነው፣ ሀያት የሚሏት" እያለ ቆርቆሮዋ ውስጥ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ቆርቆሮዋ የብስኩት ነበረች፣ ሰማያዊ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ተካልኝ ያውቀን ነበር።

የስኳር በሽታዋ ዓይኗን ሲይዘው እታለም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። አንድ ቀን የደንበኛ ቀሚስ በግራው ሰፍታ ሰጠች። በማግስቱ "ኸላስ፣ እሸጣለሁ" አለች። ሌላ ገዢ መጥቶ ነበር፤ አልሰጠችውም። ለተካልኝ ሸጠችለት። "የሚያውቃችሁ ይሻላል" አለችን።

ውሉ የተጻፈ ቀን አብሬያት ነበርኩ። ጸሐፊው ህንዳዊ ነው፤ የስፌት መኪኖቹን፣ መስታወቱን፣ ካውያውን፣ ሰሌዳውን፣ የስልክ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፈ። ከጨረሰ በኋላ በአረብኛ "ፖስታውስ ለማን ይምጣ?" ብሎ ጠየቀ።

"እሱ ይቀበል" አለች እታለም። "የሱቁን ለራሱ ይውሰድ፤ የልጆቼን ለይቶ ይስጥ።"

"ይሄ ውል ላይ አይገባም። ወይ ሳጥኑን ሽጪለት፣ ወይ አትሽጪለት።"

"አልሸጥለትም። አደራ ነው የምሰጠው።"

ጸሐፊው ትከሻውን ነቀነቀና ወረቀቱን አተመ። አደራን በአረብኛ ቢያውቀውም ለማሽኑ የሚሆን አልመሰለውም መሰለኝ። እታለም የሱቁን ቁልፎችና የሳጥኑን ቁልፍ በአንድ ቀለበት አድርጋ በተካልኝ መዳፍ ላይ አኖረች። "ሱቁን ሸጥኩልህ። ይቺ ትንሿ ግን አደራዬ ናት። ልጆቹ እሁድ እሁድ ይመጣሉ።"

"ኪዳነ ምህረት ምስክሬ ናት፣ እታለም" አለ። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሁሉ ብሎ ነበር። እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ በዚህ ዓይኔ።

እሷ ካራማ መጣች፣ እኔ ያለሁበት ቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ የሚከራይበት ክፍል፣ ከኔ በታች ያለችው አልጋ ላይ። እኔም ያኔ ነገር ተከፍቶልኝ ነበር። ወልድያ በነርስነት ዲፕሎማ ይዣለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ዲፕሎማዬ ሻንጣ ስር ነበር፣ ምክንያቱም የውድነሽ ነው፣ እኔ ደግሞ ራህማ ነኝ። አጅማን ያለች አንዲት ክሊኒክ በረዳትነት ልትወስደኝ ፈቀደችና "ሁለቱ ስሞች አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ። እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቅሻለን" አሉኝ። ወንድሜ ሦስት ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት ተመላለሰና አወጣልኝ። በኔው ስም፣ በእታለም ሳጥን ቁጥር፣ በአደራ ላከው።

በዚያው ማዳም ልጆቿን ይዛ ሐታ እርሻ ቤታቸው ልትከርም ሄደች፤ እኔንም ይዛኝ። ከተራራው ስር ሆኜ ቀን እቆጥራለሁ። ለተካልኝ እደውላለሁ። "አልመጣም እህቴ፣ ሲመጣ እደውልልሻለሁ።" ሁልጊዜ ይህችው ናት መልሱ። ክሊኒኩ ወሩ አልቆ ደግሞ አንድ ሳምንት ጨመረልኝ። ከሐታ የተመለስኩ እሁድ በቀጥታ ሻርጃ ሄድኩ።

ሱቁ ሱቁን አልመሰለኝም። ወንበሩ ተቀይሯል፣ ግድግዳው ወርቃማ ሆኗል። እኛ የምንቀመጥባት አግዳሚ የለችም። ሁለት አረብ ሴቶች ጨርቅ እየመረጡ ነው። ተካልኝ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣና በሹክሹክታ "ምን ነበር?" አለኝ።

"ምን ነበር? ደብዳቤዬ ነዋ!"

"ለራህማ የመጣ የለም።"

"በራህማ ማን ይልክልኛል? ውድነሽ ታረቀ ብሎ ነው የሚመጣው። አታውቀኝም እንዴ ተካልኝ?"

ሴቶቹ ዞረው አዩን። እሱ ፈገግ አለላቸውና ወደኔ ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እነሱ እንዲሰሙት በአረብኛ "ውድነሽ የሚባል ሰው እዚህ አይታወቅም" አለኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ በጥርሱ መሃል፦ "እኔ የገዛሁት የስፌት ቤት ነው። እሁድ እሁድ የሠራተኛ መሰብሰቢያ አይደለም። ደንበኛ አለኝ።"

ጠረጴዛው ላይ ፖስታዎች ተደርድረዋል፤ ያልተተኮሱ። በላያቸው በቀይ እስክርብቶ "አይታወቅም" ብሎ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ጽፎባቸዋል፣ ወደመጡበት ሊመልሳቸው። ከላይ ያለው የጥሩነሽ ነበር። የኔ የለበትም። የኔ ድሮ ተመልሷል፤ ወንድሜን ከወር በኋላ ወልድያ ፖስታ ቤት ጠርተው ያንኑ ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ፖስታ ሰጡት። ክሊኒኩ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር። አንጀቴ ቅጥል አለ። ዛሬም ስጽፈው ይቃጠላል።

ለእታለም ነገርኳት። እኔ እጮሃለሁ፣ እራገማለሁ፣ "እሱን የታባቱ!" እላለሁ። እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን እንደ ስፒል ያዥ ጥርቅም አድርጋለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ሳጥኑ የሚታደሰው መቼ ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ሁለት ወር ቀርቶታል" አለች። "ይቆይ።"

ሁለት ወር ጠበቀች። አልደወለችለትም፣ አልሄደችበትም፣ ስሙን አላነሳችም። እኔ ቁርጥ ብዬ ልሞት ነው፣ እሷ ሻይዋን ትጠጣለች። ቀኑ ሲደርስ ደህናውን አባያዋን ለበሰች፣ ክንዴን ያዘች፣ በሜትሮ በአውቶቡስ ሻርጃ ፖስታ ቤት ገባን። መታወቂያዋን ሰጠች። ሳጥኑ ድሮም በሷ ስም ነው፤ ተካልኝ ያንን ሞኝ ሆኖ አልጠየቀም፣ ሰሌዳው ላይ ስለተጻፈ አብሮ የገዛው መስሎታል። አደሰችና "ቁልፌ ሌባ እጅ ገብቷል፤ የቁልፉን ጋን ቀይሩልኝ" አለች። ሠራተኛው ሳቀ። አዲሱን ቁልፍ ሲሰጣት ተቀብላ ወደኔ አሻገረችው። "አንቺ ያዢው። እኔ ቀዳዳውም አይታየኝ።"

ዋላሂ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወደ ካራማ ስንመለስ መንገዱን በሙሉ እየሳቅሁ ነው የመጣሁት።

ከዚያ ወዲያ የተካልኝ ፖስታ ሁሉ እኛ እጅ ላይ ወደቀ። የጨርቅ አስመጪው፣ የባንኩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ። እሱ በአሮጌው ቁልፍ ሳጥኑን ሲታገል በሐሳቤ እያየሁ እተኛለሁ። በየሳምንቱ እያመጣሁ አልጋዋ ላይ እዘረጋለሁ፤ እሷ አንድ በአንድ እያነሳች "ይሄስ?" ትለኛለች፣ አነብላታለሁ። አትከፍትም፤ የሰው ደብዳቤ መክፈት በሷ ዘንድ ከሌብነት አንድ ነው። በጣቶቿ ዳብሳ ታስቀምጠዋለች።

"ይሄስ?"

"የባንክ።"

"ይሄስ?"

ያቺኛዋ ፖስታ ቀጭን ነበረች። አድራሻውን ፖስታ ቤት ያለ ሰው ጽፎታል፤ ጀርባው ላይ ግን በሚንቀጠቀጥ የድሮ እጅ ጽሑፍ "ከአባትህ ከቄስ ይመር" ይላል። ለተካልኝ ይመር።

ብነግራት እታለም ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ከአባት ቤት የመጣ ወረቀት ነው። ጠላቷም ቢሆን ያንን አትይዝም፤ በዚያች ዓይኗ እየዳበሰች ሻርጃ ድረስ ወስዳ፣ ተኩሳ፣ በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። እኔ ደግሞ የወንድሜ ሦስት ምስክሮች ታዩኝ። ክሊኒኳ ታየችኝ። ቀዩ እስክርብቶ ታየኝ።

"የመሥሪያ ቤት ነው" አልኳት።

"የትኛው?"

"እኔ እንጃ፣ በእንግሊዝኛ ነው።"

ዳበሰችው። ትንሽ ያዘችው፣ ቅጥነቱ ገርሟት ይሆን? ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው። እሷ እኮ ዓይኗን አምና ለኔ የሰጠች ሴት ናት።

ተካልኝ የፖስታው ነገር ሲገባው እየደነፋ መጣ። የሴቶች ቢድ ስፔስ ስለሆነ ወንድ ወደ ላይ አይወጣም፤ እታለም ወረደችለት። ከሕንጻው ስር ካለችው ካፍቴሪያ ፊት ለፊት በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠች፣ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። እሁድ ነበር፤ ከደብተሩ ሴቶች ዕረፍት ያላቸው ሁሉ ነበሩ።

"ፖሊስ እጠራለሁ!" አለ።

"ጥራ። ሳጥኑ የማን እንደሆነ እነሱም ይንገሩህ።"

ይህን ጊዜ በረድ አለ። "እታለም፣ እባክሽ። ሥራዬ ተበላሸ። ሙሽኪላ ውስጥ ነኝ።"

"ፖስታህን ትፈልጋለህ?"

"አዎ።"

"አራት ዓመት በእጅህ ተኩሰሃቸዋል። የመለስክባቸውን ልጆች ስም ጥራ። ሁለቱንም ስማቸውን። ሰላሳ አንዱንም ስትጨርስ ሁሉንም ትወስዳለህ።"

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው። "ሀያት" አለ። "ሀያት ማን?" አለችው። "ጥሩነሽ።" ጥሩነሽ ከጀርባው "አቤት!" አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማንም ሳያዘን እንዲያ ሆነ፤ ሁለት ስሟ የተጠራ "አቤት" እያለች ትቀመጣለች፣ ያልተጠራች ትቆማለች። በዚያን ቀን ዘጠኝ ጠራና ላብ በላብ ሆኖ ሄደ። በሁለተኛው እሁድ ሃያ ሁለት። ደፋር ነው፣ አይካድም፤ ካፍቴሪያው ውስጥ ያሉት ሹፌሮች ሻይ ይዘው እየወጡ ያዩታል።

በሦስተኛው እሁድ ሰላሳ ጠራ። መዲና፣ ሰዓዳ፣ "አቤት!"። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

"ራህማ" አለ።

"ራህማ ማን?" አለች እታለም።

አየኝ። ያውቀዋል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ግን ውድነሽ ካለ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄም ያውቀዋል፣ "ደብዳቤዋስ?" የሚለውን። የኔን ፖስታ "በዓይኔ አላየሁም" ብሎ ለሁሉ ሲምል ከርሟል። የሰላሳው ደብዳቤ ከአገር ቤት ደግሞ ተልኮ ደርሷል፣ የማይመለስ ነገር ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስሜን ከጠራ ማመኑ ነው።

"ራህማን ብቻ ነው የማውቀው። ለሷም የመጣ ነገር የለም።"

እታለም ቆርቆሮዋን ከደነች። "እንግዲያው ላንተም አልመጣም።"

ሊሄድ ዞረና ቆመ። ድምፁ ተለወጠ። "እታለም፣ ሌላው ይቅር። ከአገር ቤት የመጣልኝ ነገር የለም? አባቴ ጽፌልሃለሁ ብሎ አስነግሮኝ ነበር። ጆሮው አይሰማም፣ በስልክ አይሆንለትም።"

እታለም ወደኔ ዞረች። መነጽሯ ውስጥ ራሴን አየሁት። "አለ ወይ ልጄ?"

"የለም። ሁሉም የመሥሪያ ቤት ነው።"

"ቢኖር ኖሮ ያለ ምንም እሰጥህ ነበር" አለችው። "ዋላሂ፣ ይሄንን አልይዝብህም።"

አመናት። እኔንም ያመነኝ ይመስለኛል። ሄደና የራሱን ሳጥን ተከራየ፣ ሰሌዳውን አስቀባ። እታለም የሱቁን ፖስታዎች በሙሉ "አይታወቅም" አስብላ መለሰች፤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ በቀይ። ቀጭኗን ብቻ ቆርቆሮዋ ታች፣ ከደብተሩ ስር ደበቅኋት።

ዓይኗ ሲብስ ወደ ኮምቦልቻ ገባች። አውሮፕላን ማረፊያ ቆርቆሮዋን አሳቀፈችኝ። "ልጆቹን ጠብቂ" አለች። ከዚያ ጉንጬን ዳብሳ "ስምሽን ሳይጠራልሽ መሄዴ ነው የቆጨኝ" አለችኝ። አፌን ልከፍት ነበር፤ ተሽከርካሪ ወንበሯን የሚገፋው ሰውዬ "ያላ ያላ" ብሎ ወሰዳት። ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በስልክ አውርቻታለሁ፣ አልነገርኳትም።

የተካልኝ አባት ያረፉት እሷ በሄደች በስድስተኛው ወር ነው። ሰማሁ። የዚያን ዕለት ቆርቆሮዋን ከፈትኩ፣ ፖስታዋን አየኋት፣ መልሼ ከደንኩ። "የኔን ክሊኒክ ማን መለሰልኝ?" አልኩ። እውነት እላለሁ፣ ያን ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

እና እታለም ሞተች። ለቅሶውን አጅማን ጥሩነሽ ቤት ተቀመጥን፤ ባል አላት፣ ሙሉ ቤት ነው። እስላሙ ዱዓ አደረገ፣ ክርስቲያኑ አለቀሰ። ሴቶቹ ደብተሯን ለማየት ስለፈለጉ ቆርቆሮዋን ይዤ ነበር። ስማቸውን በእጅ ጽሑፏ እያዩ፣ በጣታቸው እየነኩ ሲያለቅሱ ተካልኝ ገባ። ከሳ ብሏል። ጫማውን አውልቆ በር አጠገብ ተቀመጠና መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

"ያሳደገችኝ ናት። በድያታለሁ። አደራዋን በልቻለሁ። እሷም በድላኛለች፤ ያኔ ባምናትም፣ ያባቴን ደብዳቤ ከፖስታዎቹ ጋር መልሳ ልካው አባቴ የጻፈልኝን ሳላነብ ሞተ። አገር ቤትም አልደረሰም፣ የትም ጠፋ። ግን ነፍሷን ይማረው፤ እኔ ይቅር ብያታለሁ።"

ሴቶቹ አጉረመረሙ። "እታለም እንዲህ ታደርጋለች?" አለች ሰዓዳ፣ ቀስ ብላ። ገና ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ ሰላሳ ሴት ስለ እታለም ዘምዘም ሲጠራጠር አየሁ። ይቅር ብያታለሁ ይላል! እሱ፣ እሷን!

አሁንም ተካልኝን ይቅር አላልኩትም፤ ይታወቅ። የተነሳሁት ለሱ ብዬ አይደለም። ቆርቆሮዋን ከፈትኩ። ጥሩነሽን ካውያ ጠየቅኋት። አብርጄ፣ በስሱ ተኮስኳት፤ ጫፏ ታጥፎ ነበር። ሄጄ ፊቱ ተንበረከክሁና በሁለት እጄ ሰጠሁት።

አገላበጣት። ጀርባዋን አየ። የአባቱን እጅ አወቀው።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ይዛው?"

"እሷ አይደለችም" አልኩት። "ዓይኗ አያይም ነበር። ከማን ነው ብላ ስትጠይቀኝ የመሥሪያ ቤት ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ፊትህ ቆሜም የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እስክትሞት አላወቀችም።"

ከኋላዬ አንዷ "ኧረ በስመአብ!" አለች። ዞሬ አላየሁም። ደብተሩን የያዙት ሴቶች ደብተሩን ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

ተካልኝ አልጮኸም። ፖስታዋን በደረቱ ይዞ አየኝ። ያንን አፍ ሦስት እሁድ ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠብቄዋለሁ። ሲከፈት የማደርገውን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ እስቃለሁ ብዬ ነበር፣ እልል እላለሁ ብዬ ነበር።

"ውድነሽ ታረቀ" አለ። ሙሉውን፣ ያባቴንም ስም ሳይስት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"አቤት" አልኩት።